ሁለት ኪሎ ውሻ በሰባተኛ ግቢ፦ አያያዝና ሥልጠና በዘጠኝ ደረጃ

ቺዋዋ፣ ፖሜራኒያን፣ ማልቲዝ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር። ሰፈሩ በጅምላ «የፈረንጅ ውሻ» ይላቸዋል። ሙሉ አካል ካወጡ በኋላም ክብደታቸው በአብዛኛው ከሦስት ኪሎ ብዙም አይዘልም። ቦታ ስለማይፈጁ የመርካቶውን ሰባተኛን በመሰለ፣ ቤት ከቤት በተደገፈበትና ግቢው የጋራ በሆነበት ሰፈር የሚኖር ሰው ቢመርጣቸው አይገርምም። ቡችላው ቤት ከገባ በኋላ ግን ጥያቄው ይከተላል፦ ምን ይብላ? የት ይሽና? ለምን ይንቀጠቀጣል? ሰው በመጣ ቁጥር ለምን ይጮኻል?

ከሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። የውሻው ትንሽነት ልኬቱን ሁሉ ይለውጣል፤ ውሻነቱን ግን አይለውጠውም። ምግቡን፣ ሙቀቱንና መድኃኒቱን በግራም ይለኩለት፤ ሥርዓቱን ግን እንደ ማንኛውም ውሻ ያስተምሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ሲያገላብጥ ነው፤ ሲያበላው እንደ ግቢ ዘበኛ ውሻ፣ ሲያሳድገው እንደ አሻንጉሊት ይይዘዋል።

1. ከመግዛትዎ በፊት ቡችላውንም ጎረቤትንም ይዩ

ቡችላው ከስምንት ሳምንት በታች ከሆነ አይውሰዱት። ለእነዚህ ትንንሽ ዝርያዎች አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሳምንት ቢሞላቸው ይመረጣል። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር በቆየ ቁጥር ንክሻውን ማለዘብ ይማራል፤ ምግብም በራሱ መብላት ይለምዳል። ከተቻለ እናቱን ይዩ፤ የምትፈራና የምትናከስ እናት ልጅ ብዙ ጊዜ እሷኑ ይመስላል።

መሬት ላይ አስቀምጠው ሲራመድ ይመልከቱት። የኋላ እግሩን አልፎ አልፎ አንጠልጥሎ የሚዘል ከሆነ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ በትንንሽ ዝርያዎች የተለመደ ችግር ነው። ድዱ ሮዝ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ አፍንጫው ንጹሕ፣ ሆዱ ያልተነፋ ይሁን። የክትባት ካርዱን በእጅዎ ይዘው ያንብቡ። ሻጩ «ይሄ ከሁሉም ያነሰ ነው፣ ሲኒ ውስጥ ይገባል» ብሎ ዋጋ ቢጨምርብዎ ይተዉት። እንዲህ ያለ የተለየ ዝርያ የለም፤ ከመጠን በላይ ያነሰው ቡችላ ብዙ ጊዜ የታመመ ወይም ያለ ጊዜው ከእናቱ የተነጠለ ነው።

በጋራ ግቢ የሚኖሩ ከሆነ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ጎረቤት ያማክሩ። ለሙስሊም ጎረቤትዎ የውሻ ምራቅ የውዱእና የሶላት ጉዳይ ነው። ውሻው ወደ ደጃቸው፣ ወደ ጀበናቸውና ወደተሰጣ ልብሳቸው እንደማይደርስ አስቀድመው ቃል ይግቡ፤ ቃሉንም ይጠብቁ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ቅር የተሰኘ ግቢ ውስጥ ሁለት ኪሎ ውሻ በሰላም አያድግም።

2. ቤቱን ለሙቀትና ለደኅንነት ያዘጋጁ

የሚያስፈልግዎ፦ ጠርዙ ዝቅ ያለ ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ቅርጫት፣ የስፖንጅ ቁራጭ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ባዶ ሃይላንድ። ከመርካቶ ሳይወጡ ሁሉንም ያገኙታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት፣ የሐምሌ እርጥበትም ለትንሽ አካል ከባድ ነው፤ አካሉ ባነሰ ቁጥር ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። መኝታውን ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርገው፣ ከበር ነፋስ አርቀው ያስቀምጡ። ለቡችላ ሃይላንዱን ለብ ባለ ውሃ ሞልተው በፎጣ ይጠቅልሉና በመኝታው በአንድ ወገን ብቻ ያኑሩለት፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ያስፈልገዋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው አያሙቁት። የከሰል ጭስ እርስዎንም እሱንም ይገድላል።

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በእሱ ቁመት ቤቱን ይቃኙ። እህልና ሸቀጥ በሚከማችበት ሰፈር አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበት ደግሞ የአይጥ መርዝ አለ። መርዙንም፣ በመርዝ የሞተውንም አይጥ ሊበላ ስለሚችል ግቢው ውስጥ የት እንደተቀመጠ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቁ። የሶፋና የአልጋ ከፍታም ቀላል ነገር አይደለም። የእነዚህ ውሾች የፊት እግር አጥንት ቀጭን በመሆኑ ከሶፋ መዝለል ብቻ ሊሰብረው ይችላል። ከሶፋው ሥር በርጩማ ወይም ጠንካራ ካርቶን እንደ ደረጃ ያድርጉለት። ሕፃናት ውሻውን ቆመው አይቀፉት፤ መሬት ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ይያዙት። ማስያዣው ቀላል ነው፦ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከቂጡ ሥር። በፊት እግሮቹ ማንጠልጠል ክልክል ነው።

3. ምግቡን በግራም ይለኩ

ሁለት ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ወደ 190 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70 ያህል ካሎሪ አለው። ለእርስዎ ቁርስ የማይሞላው አንድ እንቁላል ለእሱ ከቀን ቀለቡ ሲሶውን ያልፋል ማለት ነው። ከጠረጴዛ ላይ የሚወረወርለት ጉርሻ በዚህ ሚዛን ሲታይ ጉርሻ ሳይሆን ሙሉ ራት ነው።

ዋናው ምግቡ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጠው፣ ለትንንሽ ዝርያ የተዘጋጀ ደረቅ የውሻ ምግብ ቢሆን ጥሩ ነው። ቤት የሚሠሩ ከሆነ ጨው፣ ዘይትና ቅመም የሌለው የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ከሩዝና ከካሮት ጋር ይስጡት፤ ሥጋና ሩዝ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ካልሲየም ስለሚያሳጣ ግን የሚጨመረውን ሐኪም ይጠይቁ። ጾም ሲገባ እርስዎ ይጹሙ፣ እሱ አይጾምም። በሁዳዴ ቤትዎ ሥጋ ባይገባም የመርካቶ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው።

ከአራት ወር በታች ያለ ቡችላ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይብላ፤ ጎልማሳው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። ምክንያቱ የደም ስኳር ነው። ትንሽ ቡችላ የሚያከማቸው ስንቅ ስለሌለው ለጥቂት ሰዓታት ካልበላ፣ ከበረደው ወይም ሲጫወት ከዋለ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ይደክማል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጥቂት ማር በጣትዎ ድዱን ይቀቡትና ሙቀት ሰጥተው ወደ ሐኪም ይሩጡ። ራሱን ለሳተ ቡችላ አፍ ውስጥ ምንም ፈሳሽ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

የተለመዱ ስሕተቶች፦

- ወጥ ያረፈበት እንጀራ። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ጉዳቱ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ላይ ይታያል። ለሁለት ኪሎ ውሻ ይህ ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ያንሳል። በየቀኑ በጥቂቱ ሲበላም ይጠራቀምበታል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው።
- የበሰለ የዶሮ አጥንት። ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።
- በበዓል ቀን የሚጣል ጥሬ ጉበትና ሳንባ። በተለይ ውሃ የቋጠረ ከሆነ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ወደ ውሻው ያስተላልፋል፤ ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ የውሃ እጢ ሆኖ ለዓመታት ያድጋል። የታረደው ሲበለት ውሻው ታስሮ ይዋል፤ የሚጣለው ይቀበር።
- ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ወይን፣ ስኳር አልባ ማስቲካ። ለውሻ መርዝ ናቸው።

በየሳምንቱ ይመዝኑት። የሰው ሚዛን ለዚህ አይሆንም። የሰፈሩን ባለሱቅ ለምነው ንጹሕ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው በእህል ሚዛን ይመዝኑት፤ ጽፈውም ይያዙ። ሁለት ኪሎ ውሻ 200 ግራም ቀነሰ ማለት ከአካሉ አሥር በመቶ አጣ ማለት ነው።

4. ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ቀን ቆጥረው ያስጨርሱ

ፓርቮንና ዲስቴምፐርን የሚከላከለው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል። ከዚያ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። አንድ ጊዜ አስወግቶ «ተከትቧል» ማለት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ሊያከሽፋቸው ስለሚችል ነው የሚደጋገመው። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በጫማ ተሸክመውት ይገባሉ። ክትባቱ እስኪያልቅ ከአውቶቡስ ተራ የመጣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። «ከቤት ስለማይወጣ አያስፈልገውም» አይበሉ። ባለቤት የሌለው ውሻ በጋራ ግቢ በር ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም። ማንም ሰው፣ በየትኛውም ውሻ ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክነው ቀን ሕይወት ያስከፍላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው የሚድን አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የነከሰው ውሻ ከታወቀ አይገደል፤ ለአሥር ቀን ታስሮ ይታይ። ውሻው ከሞተ ናሙናውን የሚመረምረው ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

የትል መድኃኒት ለቡችላ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 12 ሳምንት፣ ከዚያ በወር አንዴ እስከ ስድስት ወር፣ ቀጥሎ በየሦስት ወሩ ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ስለሆነ የሱቅ ሚዛኑን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ለበግ ወይም ለትልቅ ውሻ የተዘጋጀ ክኒን በግምት ቆርሶ መስጠት፣ ለከብት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒትም መቀባት አደገኛ ነው። ትንንሽ ዝርያዎች በአንድ ቀን ብዙ ክትባት ሲወስዱ ፊታቸው ሊያብጥ ስለሚችል ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ከክሊኒኩ አይራቁ።

5. ሽንቱን በቦታው እንዲሸና ያስለምዱ

ትንሽ ውሻ ትንሽ ፊኛ አለው። የሦስት ወር ቡችላ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቢይዝ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥራው የእርስዎ ሰዓት አክባሪነት ነው። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት ወደ ተመደበለት ቦታ ይውሰዱት። ደጅ ከሌለዎት ዝቅ ያለ ሳፋ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው በአንድ ጥግ ያስቀምጡ፤ ቦታውን አይቀያይሩ።

ሲሸና ዝም ብለው ይጠብቁ። እንደጨረሰ ወዲያው «ጎሽ!» ብለው የአተር ክክ የምታህል ሥጋ ይስጡት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቢሰጡት ሽልማቱ ከሽንቱ ጋር አይያያዝለትም። ያለ ቦታው ከሸና ደግሞ አፍንጫውን አይነክሩት፣ አይቆጡት፤ የሚማረው እርስዎን መደበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ አልጋ ሥር ይሸናል። የሸናበትን ቦታ በሳሙና ውሃና በሆምጣጤ ያጥቡ፤ የቀረ ሽታ «እዚህ ነው» ብሎ ይጠራዋል። ብዙ ባለቤት «ጠብታ ናት» ብሎ ስለሚያልፋት ነው ትንንሽ ውሾች ሳይለምዱ የሚያረጁት።

6. ከሰፈሩ ድምፅ ጋር ያላምዱት

ቡችላ ዓለምን «ይህ የታወቀ ነው፣ ይህ ያስፈራል» ብሎ የሚለይበት ጊዜ በግምት ከሦስት እስከ 14 ሳምንት ዕድሜው ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ይህ ጊዜ ክትባቱ ካላለቀበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙ ነው። መፍትሔው መሬት ሳያስረግጡ ማሳየት ነው።

በነጠላ ወይም በቦርሳ ይዘውት ደጃፍ ላይ ይቁሙ። መጀመሪያ ሰው በሌለበት የማለዳ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሱቆች ሲከፈቱ፣ በኋላ አይሱዙ ዕቃ ሲያራግፍ። የመኪና ጡሩምባ፣ የረዳት ጥሪ፣ የብየዳ ድምፅ፣ አዛን፣ ቅዳሴ፣ ሸክም የያዘ ሰው፣ ጃንጥላ፣ ዊልቸር ይይ። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ጥቂት ምግብ ይስጡት። ጆሮው ከተጣበቀ፣ ጅራቱን ከሸጎጠ ወይም ምግቡን እምቢ ካለ በጣም ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይራቁ። «ይልመደው» ብሎ ግርግሩ መሐል መክተት ማላመድ ሳይሆን ማስደንበር ነው።

በየቀኑም ጆሮውን፣ መዳፉን፣ አፉን ይንኩ። ዛሬ በጨዋታ የለመደው ነገ ለሐኪምና ለጥፍር መቁረጫ ይገራል።

7. ትእዛዝ ያስተምሩ

የሚያስፈልግዎ፦ የክክ ፍሬ የሚያክል የተቀቀለ ሥጋ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሦስት ደቂቃ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ ካስረዘሙት ይሰለቻል። የሰጡትን ሥጋ ከዕለት ቀለቡ ላይ ይቀንሱ።

ቆመው አያስተምሩት፤ ከእሱ አንጻር ግንብ ነዎት። መሬት ወይም በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ሥጋውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትዎ ይዘው ከአፍንጫው ጥቂት ከፍ ያድርጉና ቀስ ብለው ወደ ጭንቅላቱ ኋላ ይውሰዱት። ዓይኑ ሲከተል አገጩ ይነሳል፣ ቂጡ ይወርዳል። መሬት እንደነካ «ጎሽ!»፤ ሥጋው ወደ አፉ። እጅዎን ከፍ ካደረጉት ይዘላል፤ ዝቅ ያድርጉት። በቂጡ ተጭነው አያስቀምጡት፤ ወገቡና ጉልበቱ ስስ ነው። እጅዎን እያየ መቀመጥ ሲያዘወትር ብቻ «ተቀመጥ» የሚለውን ቃል ይጨምሩ።

ቀጥሎ «ና»። በአጭር ርቀት ጠርተው፣ ሲመጣ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር ይስጡት። ጠርተው ገላውን አይጠቡ፣ ጠርተው አይቅጡ። ሦስተኛው «ተው» ነው፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሥጋ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ሕይወት የሚያድነው ይህ ነው። በተዘጋ እጅዎ ሥጋ ይዘው ያሽትቱት፤ ሲልስ ሲቧጥጥ ዝም ይበሉ፤ አፍንጫውን መለስ ባደረገባት ቅጽበት «ጎሽ» ብለው በሌላኛው እጅ ይሸልሙት።

ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ። አንዱ «ና»፣ አንዱ «ነይ»፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ከጠራው ውሻው እምቢተኛ ሳይሆን ግራ የተጋባ ነው።

8. ጩኸትንና ንክሻን በቡችላነት ያርሙ

ሃምሳ ኪሎ ውሻ ቢያጉረመርም ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ሁለት ኪሎው ሲያጉረመርም ግን ይሳቅበታል፣ ይታቀፋል። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» ቢባልም ፍርሃቱን በጩኸት ሲናገር የሚሰማው ያጣ ትንሽ ውሻ ይናከሳል። ሲያጉረመርም አይሳቁ፣ አይምቱትም። ያስፈራውን ነገር ለይተው ያርቁት፤ ከዚያ በደረጃ 6 መንገድ ያላምዱት።

በር ሲንኳኳ የሚጮኽ ከሆነ መኝታውን «ቦታህ» ብለው ያስለምዱት። መጀመሪያ ማንም ሳይመጣ፣ ቀጥሎ የቤት ሰው ሲያንኳኳ፣ በመጨረሻ እንግዳ ሲመጣ ወደ መኝታው እንደሄደ ይሸልሙ። እየጮኸ ሳለ አንስተው ካቀፉት ጩኸት እንደሚያሳቅፍ አስተማሩት። ቡና ላይ የተሰበሰበ ጎረቤትም ከመሶቡ እንዳያጎርሰው ይለምኑ፤ ሽንኩርቱም ልመናውም ከዚያ ይመጣል። እጅ ሲነክስ ጨዋታውን አቁመው ለግማሽ ደቂቃ ፊት ይንሱት።

9. መንገድ አወጣጥና ንጽሕና

ገመዱን አንገቱ ላይ አይሰሩ። የእነዚህ ውሾች የመተንፈሻ ቱቦ ደካማ ነው፤ ሲጎተት ይጨመቃል፣ ደረቅ የሚያንቋርር ሳልም ያመጣል። በደረትና በትከሻ የሚያልፍ ማሰሪያ ይግዙ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ሰባተኛ ላይ ምቹው ሰዓት ጭነት ሳይጀመር ማለዳ ነው። ከዚያ በኋላ ሸክም ያለው ሰው እግሩ ሥር ማየት ስለማይችል ውሻው በቦርሳ ይሂድ። የመንገድ ውሻ ሲመጣ አይሩጡ፤ ሳይጮኹ ቆመው፣ ውሻዎን ወደ ደረትዎ አንስተው፣ ጎንዎን ሰጥተው በዝግታ ይሂዱ።

ሴት ከሆነች ይበልጥ ይጠንቀቁ። ከስድስት ወር ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች፤ ወቅቱ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከትልቅ የመንገድ ውሻ ካረገዘች መውለድ ሊገድላት ይችላል። ማስመከኑን ከሐኪም ጋር ቀድመው ይነጋገሩ።

ረጅም ጸጉር ያለውን በየቀኑ ያበጥሩ፤ የተቋጠረ ጸጉር ቆዳውን ያቆስላል። በወር አንድ ጊዜ ገደማ፣ ፀሐይ ባለበት ረፋድ፣ ለብ ባለ ውሃና በውሻ ሻምፑ ይጠቡትና እስኪደርቅ ፎጣ ውስጥ ይያዙት። ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሁን። ሰባት ወር ሞልቶት የወተት ጥርሱ ከአዲሱ ጎን ተደርቦ ከቀረ በሐኪም ይነቀል።

ዛሬውኑ የሚያደርጉት

ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ከያዘው፣ ቡችላው አንድ የምግብ ሰዓት አልፎ ሌላውንም እምቢ ካለ፣ ወይም መርዝ በልቷል ብለው ከጠረጠሩ እስኪነጋ አይጠብቁ። በትልቅ ውሻ ላይ ሁለት ቀን የሚፈጅ ድርቀት ሁለት ኪሎውን በሰዓታት ይጥለዋል። ስለዚህ ቡችላው ጤነኛ ሳለ ለሰፈርዎ የሚቀርቡ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞችን ስልክ ይያዙ፤ በሌሊት የሚያነሳው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ከበድ ላለ ምርመራና ቀዶ ሕክምና ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ስልኮቹን፣ የመጨረሻውን ክብደትና የክትባት ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ጽፈው በሩ ጀርባ ይለጥፉ፤ እርስዎ ባይኖሩ እንኳ ጎረቤት እንዲያገኘው።